ሁለት ምልክት ያለበት ዘንግ

የአባቴን ዕቃ ሰረቀች ተብዬ ብዙ ዓመት ኖሬአለሁ። ይህን ያወራው ታናሽ ወንድሜ ነው። በሰርግ ላይ አውርቷል፣ በለቅሶ ቤት አውርቷል። አንድ ጊዜ ሀይፋ አጠገብ ካለችው ክርያት ያም በሚመጣ አውቶቡስ ውስጥ፣ ከኋላው መቀመጤን ሳያይ፣ ለአጠገቡ ሰው አውርቷል። አንድም ቀን አልመለስኩለትም። ዕቃው እኔ ዘንድ መሆኑ እውነት ነው። መስረቄ ግን ውሸት ነው። አባቴ በሞተበት ዓመት፣ ወንድሜ ሥራ ላይ ሳለ፣ ከአልጋው ሥር በራሱ እጅ ጎትቶ አውጥቶ ሰጠኝ። "ያንቺ ነው" አለኝ። ለምን እንደሆነ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። በእኛ ቤት አባት አይጠየቅም ነበር።

ዕቃው ልብስ ሣጥኔ ላይ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ይቀመጣል። ለማያውቀው ሰው ቁርጥራጭ ብረት ነው። ሁለት ሞረድ አለ፤ አንዱ ሻካራ፣ አንዱ ለስላሳ። እንደ ጉጠት ተከፍቶ የሚዘጋ የአረር ማፍሰሻ አለ፤ የቀለጠ እርሳስ ይፈስበትና ሲቀዘቅዝ ድቡልቡል አረር ይወጣል። የቃታውን ሞላ ጨምቆ የሚይዝ ትንሽ መቆንጠጫ አለ። በቆዳ የተጠቀለሉ ሦስት ባልጩቶች አሉ። ጫፉ እንደ ሐረግ የተጠማዘዘ፣ የጎረሰ አረር ስቦ የሚያወጣ ብረትም አለ፤ አባቴ ጠምዛዛ ይለው ነበር። በዓመት አንድ ጊዜ፣ ለፋሲካ ቤት ሳጸዳ፣ ሰምና ሞራ አቅልጬ እቀባቸዋለሁ። ዝገት አንድም ቀን አልነካቸውም።

አባቴ ጎንደር አካባቢ ቀጥቃጭ ነበር። ማረሻና ማጭድ ይሠራል፤ ስሙ የሚነሳው ግን በጠበንጃ ነው። አዲሶቹን አይደለም። ባሩዱም ጨርቁም አረሩም በአፈሙዙ የሚጎርሱትን፣ ለማጉረስ ብዙ ጊዜ ስለሚፈጁ ሰው "ቆመህ ጠብቀኝ" እያለ የሚቀልድባቸውን አሮጌዎቹን ነው። በልጅነቴ እነዚህ ጠበንጃዎች ዝንጀሮ ለማባረርና በለቅሶ ቀን ለመተኮስ ገና ያገለግሉ ነበር። የጎረቤት ገበሬዎች ሲበላሽባቸው ያመጣሉ። ጠበንጃውን ወንዙ ዳር ካለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ያስቀምጡና ከሩቅ ይጣራሉ። ወደ ቤታችን አይጠጉም። ቀን ጠበንጃቸውን ያምኑናል፤ ማታ ልጃቸውን ሲያመው ቡዳ ነው ብለው የእኛን ስም ያስለፈልፉታል። ይህን የማነሳው ለማማረር አይደለም። እኛም እርስ በርሳችን ከዚያ የተሻልን እንዳልነበርን ለመናገር ነው።

ከስድስት ዓመቴ ጀምሮ ወናፍ የምነፋው እኔ ነበርኩ። በኋላ አባቴ ጆሮዬ ጥሩ መሆኑን ደረሰበት። ጠበንጃ ሲመጣ ባለቤቱን ጎርሷል ወይስ ባዶ ነው ብሎ አይጠይቅም። "ባለ ጠበንጃ ባዶ ነው ማለት ያፍራል፤ ጎርሷል ሲል ደግሞ ይዋሻል። ጠበንጃ አይጠየቅም፣ ይለካል" ይል ነበር። የሚለካው በመጎስጎሻው ነው፤ ባሩዱንና አረሩን ወደ ውስጥ በሚጠቀጥቀው ረጅም ዘንግ። ለእያንዳንዱ ደንበኛ ጠበንጃ የራሱ የወይራ ዘንግ ነበረው። ባዶውን ሳለ ዘንጉ እስከ መጨረሻ ይገባና አፈሙዙ ጋ የደረሰበት ቦታ በቢላ ይጫራል። ከጎረሰ በኋላ እንደገና ይገባና፣ አሁን ቀድሞ ስለሚቆም፣ ከመጀመሪያው ዝቅ ብሎ ሁለተኛ ምልክት ይጫራል። ላይኛው ምልክት አፈሙዙ ላይ ካረፈ ባዶ ነው። ታችኛው ካረፈ ጎርሷል። ዘንጎቹ ግድግዳው ላይ በተርታ ተንጠልጥለው ነበር፤ የትኛው የማን እንደሆነ ዓይኔን ጨፍኜ አውቅ ነበር። ከምልክቱ በላይ ግን ድምፁ አለ። ባዶ ብረት ዘንግ ሲወርድበት ይጮኻል። የጎረሰ ድብ ብሎ ዝም ይላል። አባቴ ዘንጉን እኔ እንድለቅቀው ይሰጠኝና ፊቴን ያይ ነበር። አንገቴን ካልነቀነቅኩ ብረቱ እሳት አያይም።

ከዚያ ልጃገረድ ሆንኩ። አንድ ቀን ጠዋት ሆዴን ያመኝ ጀመር። ምን እንደሆነ ገብቶኛል፤ ለእናቴ ከመናገሬ በፊት ግን የጀመርኩትን የአንድ ዘንግ ምልክት ጭሬ ጨረስኩ። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፣ ዛሬ እጽፈዋለሁ። ከዚያ ወደ መርገም ጎጆ ሄድኩ። በእኛ ሥርዓት ሴት በወር አበባዋ ሰባት ቀን ከሰፈር ዳር ባለችው ጎጆ ትቀመጣለች፤ ዕቃ አትነካም፣ እሷንም ማንም አይነካትም። ወናፉን ወንድሜ ያዘ። ዘጠኝ ዓመቱ ነበር።

በአራተኛው ቀን የተኩስ ድምፅ ጎጆው ውስጥ ሆኜ ሰማሁ። ተኩስ በሰፈራችን ብርቅ አይደለም፤ ይኼ ግን ከቀጥቃጭ ቤት ነው የመጣው። አባቴ የአንዱን ጠበንጃ የኋላ መድፈኛ ለመፍታት እሳት ውስጥ አግብቶት ነበር። ጎርሶ ኖሯል። የግራ እጁን ሁለት ጣቶች ወሰደበት።

ሁለት ቀን ሳይሞላ ምክንያቱ ተገኘ። ያገኙት አክስታችን ናቸው፣ የአባቴ እህት። "ልጅቷ ረክሳ ሳለች ዘንጉን ነክታለች፤ የነካችው ነው አባቷን የበላው" አሉ። ማን እንደነገራቸው አላውቅም። ምናልባት ማንም አልነገራቸውም። ግን ነክቼ ነበር። ለዚህ ነው አፌን ከፍቼ አልነካሁም ማለት ያቃተኝ። ታጭቼ ነበር፤ የእጮኛዬ ቤተሰብ ሰምተው ጥሎሹን መለሱ። በኋላ ሚስት ለሞተባቸው፣ አባቴን ለሚያክሉ ሰው ተዳርኩ። ክፉ ሰው አልነበሩም። ከእሳቸው ጋር ይህ አገር ድረስ መጣን፤ እዚሁ ቀበርኳቸው። ወደ አባቴ ወናፍ ግን ከዚያ ቀን በኋላ አልተመለስኩም።

ወንድሜም ቀጥቃጭ አልሆነም። ሀይፋ ከመጣን በኋላ ጡረታ እስኪወጣ ወደቡ አጠገብ ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ ሠራ። ለሥራ ባልደረቦቹ አባቴ ገበሬ ነበር ይል እንደነበር አውቃለሁ፤ ሚስቱ ነግራኛለች። ያኔ የቀጥቃጭ ልጅ መባል አይወደድም ነበር። አሁን ጊዜው ተለወጠ፤ የአባቶች ሙያ ቅርስ ተባለ። ወንድሜም በየትምህርት ቤቱ እየተጋበዘ ከአባቱ ጋር ጠበንጃ እንዴት እንደጠገነ ይተርካል። የአባቴን ጣቶች ታሪክም ይጨምርበታል፤ ልጆች ይወዱታል። ለምን እንደፈነዳ ሲጠይቁት "ያረጀ ጠበንጃ ነዋ" ይላል።

ባለፈው የጸደይ ወራት፣ ሀዳር በተባለው ሰፈራችን ያለው ማትናስ፣ የነዋሪዎቹ መሰብሰቢያ ማዕከል፣ የእጅ ሙያ ዐውደ ርእይ ሊያደርግ ተነሳ። አስተባባሪዋ እዚሁ የተወለደች የእኛ ልጅ ናት። ሦስተኛ ፎቅ ድረስ እያለከለከች መጣች።

"ዶዳ፣ ራጋ፣ አንዴ ቆዪኝ፣ መጀመሪያ ቁጭ ልበል" አለችኝ። "ይህ ደረጃ ሰው ይገድላል።"

"እኔን አልገደለኝም። ደግሞ ዶዳ አትበይኝ፤ አክስትሽ አይደለሁም።"

ሳቀች። እነዚህ ልጆች ቆጣ ሲሉባቸው እንኳ ይስቃሉ። ውሃ ሰጠኋት።

"የአባትሽን መሣሪያዎች አውሺን። ወንድምሽ አንቺ ጋ ነው አለኝ።"

"ሰረቀች አላለሽም?"

"ብሏል" አለች፣ ሳታፍር። "እኔ ግን የመጣሁት ለመዋስ ነው።"

ይህ መልሷ ደስ አለኝ። ከዚያ የቀረውን ነገረችኝ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩት ሞሮኳዊ ጎረቤቴ፣ ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ ብቻቸውን ያሉ ሽማግሌ፣ የአያታቸውን ረጅም ጠበንጃ ለዐውደ ርእዩ ለማዋስ ፈቅደዋል። ያን ጠበንጃ አውቀዋለሁ። በራቸው ሲከፈት ከሶፋው በላይ ተሰቅሎ ይታያል፤ ከእኔ ቁመት ይረዝማል፣ ሰደፉ ላይ የብር ጌጥ አለው። እሱም በአፈሙዙ የሚጎርስ ነው። ወንድሜ እዚያው ሳሎናቸው ውስጥ እንጨቱን በዘይት ወልውሎታል፣ ብሩን አብርቶታል። የማትናሱ የጥበቃ ኃላፊ ደግሞ፣ ባዶ መሆኑን የሚያውቅ ባለሙያ ካልፈረመ አይገባም ብሏል።

"ወንድምሽ ፈረመ፣ ሃኮል ቤሰደር፣ ሁሉም ደህና ነው" አለችኝና ወረቀቱን አሳየችኝ።

"በምን ለካው?"

"ምኑን?"

"ባዶ መሆኑን በምን አወቀ?"

አሰበች። "በፔሌፎን ስልኩ መብራት ወደ ውስጥ አየ መሰለኝ። ጥቁር ነው አለ።"

የጠበንጃ አፍ ባዶም ቢሆን ጥቁር ነው፣ ቢጎርስም ጥቁር ነው። ቆርቆሮውን ከልብስ ሣጥኔ ላይ አውርጄ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። ከዚያ "ዕቃውን እሰጥሻለሁ" አልኳት። "መጀመሪያ ግን ወንድሜን ወደዚህ ላኪልኝ። ጠበንጃውም ከቤታቸው እንዳይወጣ።"

ልጅቷ ስትሄድ ወደ ገበያው መንገድ ወረድኩ። የጎረቤቴ ጠበንጃ የራሱ ዘንግ ተሰብሮ የቀረው ክንድ የማይሞላ ነው፤ በእሱ አይለካም። የቁሳቁስ መሸጫው ባለቤት ሩሲያዊ ነው፣ እንደ እኔው ዕብራይስጡ የተሰባበረ።

"ቀጥ ያለ የእንጨት ዘንግ እፈልጋለሁ፤ ከእኔ ቁመት የሚረዝም፣ አውራ ጣቴን የማያክል" አልኩት።

"የመጥረጊያ እጀታ አለኝ።"

"ቀለም የተቀባ አልፈልግም። ጭረቱን አይዝም።"

"ምን ልታደርጊበት ነው? መጋረጃ?"

"ጠበንጃ ልለካበት።"

ቀና ብሎ አየኝና ከኋላ ክፍል ሦስት ዘንግ አመጣ። አንድ በአንድ ዓይኔ ፊት አድርጌ ቀጥ ማለቱን አየሁ፤ ሁለቱ ጎብጠዋል፣ ሦስተኛውን ወሰድኩ። የናስ ቆብ ለጫፉ ገዛሁ፤ እንዲህ ያለ እንጨት እንደ ወይራ ድምፅ አያወጣም፣ ብረት ደግሞ የእሳት ፍንጣሪ ያወጣል። ዘይትና የተልባ እግር ጨርቅም ጨመርኩ። ሰውየው ዘንጉን ተሸክሜ ስወጣ በር ከፈተልኝ።

ወንድሜ በማግስቱ ከሰዓት በኋላ መጣ። ጸጉሩ ሙሉ በሙሉ ነጭ ሆኗል፤ በወንበር ሲቀመጥ እንደ አባቴ ጉልበቱን በሁለት እጁ ይይዛል። ይህን ሳይ ሁልጊዜ እናደዳለሁ።

"ቆርቆሮውን አየሁት" አለኝ፣ ጠረጴዛው ላይ እያየ። "አንድ ቀን እንደምትመልሺው አውቅ ነበር።"

"አልመልስም። ተነሥ፣ ወደ ታች እንወርዳለን።"

"እታለም፣ ባዶ ነው። ስንት ዓመት ግድግዳ ላይ የኖረ ዕቃ።"

"እኔም ስንት ዓመት ግድግዳ ላይ ኖሬአለሁ፤ ባዶ ነኝ እንዴ?"

ተነሥቶ ተከተለኝ። ጎረቤቴ በራቸውን ከፈቱ፣ ሻይ አፈሉ። ጠበንጃውን ከሶፋው በላይ አውርደን ማንም በማይቆምበት አቅጣጫ፣ አፉን ወደ ግድግዳው ጥግ ቀና አድርገን ወንበር ላይ አስደገፍነው። የናስ ቆቡን ለዘንጉ ገጥሜ በአፈሙዙ ቀስ እያደረግኩ አወረድኩ፤ መጨረሻ ላይ ሲደርስ አንድ ስንዝር ከፍ አድርጌ ለቀቅኩት።

ድብ አለ።

ወንድሜ ያንን ድምፅ ያውቀዋል ብዬ አልጠበቅሁም። ግን ፊቱ ተለወጠ። እኔ ገና ምንም አልተናገርኩም። አፈሙዙ ጋ በቢላ ጫርኩ፣ ዘንጉን አወጣሁ፣ ጭረቱን አፈሙዙ ላይ አስተካክዬ ከጠበንጃው ውጭ ጎን ለጎን አስተኛሁት። ዘንጉ ባዶ ብረት ውስጥ ቢገባ ኖሮ ጫፉ እሳቱ ከሚገባበት ትንሽ ቀዳዳ ጋ ይደርስ ነበር። አልደረሰም። አራት ጣት ቀርቶታል።

"ምን ሆነ?" አሉ ጎረቤቴ በዕብራይስጥ።

"ጎርሷል" አልኳቸው። "አያትዎ እንዳጎረሱት ነው ያለው።"

ሽማግሌው ሶፋቸው ላይ ተቀመጡ። "ልጆቼ አምስቱም እዚህ ሶፋ ላይ ተኝተው ነው ያደጉት" አሉ፤ ከዚያ በኋላ ሻዩን እየደጋገሙ ማማሰል ብቻ ሆነ።

ፖሊስ ከተጠራ ጠበንጃው እንደሚወሰድ፣ ሽማግሌውም መልሰው እንደማያገኙት ወንድሜ ተናገረ። እውነት ነበር፤ ከፊርማው የተነሳ እንደተናገረውም ገብቶኛል። እኔ ግን ሥራውን አውቅ ነበር። ባሩድ የሚፈራው ውሃና ዘይት ነው። በአፈሙዙም በእሳቱ ቀዳዳም ዘይት አፍስሰን፣ ማንም እንዳይነካው ተነጋግረን ሁለት ቀን ተውነው።

ደረጃውን ስንወጣ ወንድሜ በመካከል ቆመ። ትንፋሹ አጥሮት መሰለኝ።

"ያን ቀንም አልለካሁም" አለ።

ዞር ብዬ አላየሁትም፤ ሁለት ደረጃ ወጣሁና ቆምኩ።

"አባ 'ለካህ?' አለኝ። 'አዎ' አልኩት። የትኛው ዘንግ የማን እንደሆነ አላውቅም ነበር። ሁልጊዜ የምትለኪው አንቺ ነሽ። አላውቅም ማለት አፈርኩ።"

"ዘጠኝ ዓመትህ ነበር" አልኩት። ለምን ይህን እንዳልኩ አላውቅም። ሌላ ብዙ የምለው ነበረኝ፤ ዕድሜዬን ሙሉ አዘጋጅቼዋለሁ።

"በዚያው ሌሊት ለአባ ነገርኩት። እጁ ታስሮ ተኝቶ ነበር። 'ለማንም አትንገር፤ ያባቱን ጣት የቆረጠ እየተባልክ አታድግም' አለኝ። በኋላ አክስቴ ያንቺን ሲያወሩ 'ይበርዳል፣ የሴት ወሬ ነው' አለ። አልበረደም። ጥሎሹ ሲመለስ ሊናገር ተነሥቶ ነበር። እግሩ ላይ ወድቄ ለመንኩት።"

"እሱም ተወ።"

"ተወ።"

የደረጃው መብራት ጠፋ፤ በራሱ ጊዜ የሚጠፋ ነው። ወንድሜ ግድግዳውን ዳስሶ አበራው። በዚያች ጨለማ ያሰብኩት ስለ እሱ አልነበረም። አባቴ ሁለት ልጆች ነበሩት፣ የሚያድነው አንዱን ነበር፤ ትንሹን መረጠ። የቀጥቃጭ ቤት ሴት ልጅ ወሬ መሸከም ትችላለች ብሎ ይሆናል። ቆርቆሮውን "ያንቺ ነው" ብሎ ሲሰጠኝ ከዚህ በላይ ቃል አልነበረውም። ለዓመታት ስጦታ መስሎኝ ሰም ስቀባው ኖሬ፣ ለካ ዕዳ ነበር። ያዘንኩለትም ያኔ ነው፤ የተናደድኩበትም ያኔ ነው።

"ታዲያ ሰረቀች የምትለው ለምን ነበር?" አልኩት ወንድሜን።

"ለእኔ አልሰጠኝማ" አለ። "ለምን እንዳልሰጠኝ አውቅ ነበር። ሌላ ምን ልበል?"

ወደ ቤት ገብተን ምግብ ሰጠሁት። በላ።

በሦስተኛው ቀን ጠምዛዛውን ከቆርቆሮው አውጥቼ ዘንጉ ጫፍ ላይ አሰርኩ። ወንድሜ ጠበንጃውን ያዘ፤ እኔ ዘንጉን እያዞርኩ ገፋሁ። መጀመሪያ የወጣው ጨርቅ ነው፤ ከዘይቱ በታች ቀይ ነበር፣ የሴት ልብስ ቅዳጅ ይመስላል። ሽማግሌው ተቀብለው በመሐረባቸው ጠቀለሉት። ከዚያ አረሩ በስንት መከራ ወጣ፤ ከእኛ አገር አረር የሚበልጥ፣ በአንድ ጎኑ የተጨፈለቀ። መጨረሻ ላይ እንደ ጭቃ የራሰ ጥቁር ባሩድ። ብረቱን በሙቅ ውሃ አጠብን፣ በጨርቅ አደረቅን፣ ሰምና ሞራ ቀባን። ዘንጉን እንደገና ለቀቅኩት።

ጮኸ። ወንድሜ አንገቱን ነቀነቀ፤ ልክ ከእኔ ጋር እኩል።

ሁለተኛውን ምልክት እሱ እንዲጭረው ቢላውን ሰጠሁት። ጭሮ ስለማያውቅ ጠማማ ወጣ። አላስተካከልኩትም። አስተባባሪዋ አዲስ ወረቀት አመጣች፤ በኡልፓን፣ በዕብራይስጥ ትምህርት ቤቱ፣ በተማርኩት ፊደል ፈረምኩ። የድሮውን ወረቀት ወንድሜ ራሱ ቀደደው።

ይህ ሁሉ ግን በእኛ በሁለታችን መካከል ነው። እኔን የበላኝ ወሬ የተወራው በሰው ፊት ነው። ይህን ለወንድሜ ነገርኩት። "ዐውደ ርእዩ ላይ አክስታችን ይመጣሉ" አልኩት። በሩን ከፍቶ ወጣ።

የዐውደ ርእዩ ቀን ጠዋት ላይ አክስታችንን ከሚኖሩበት ከነሸር ከተማ በተሽከርካሪ ወንበር አመጧቸው። ዕድሜያቸውን እሳቸውም አያውቁትም፤ ምላሳቸው ግን እንደ ዱሮው ነው። ከፊት ለፊት አስቀመጥናቸው። የሁለት ክፍል ተማሪዎች ምንጣፍ ላይ ተደረደሩ። የአባቴ ዕቃ በመስታወት ውስጥ ነበር፤ ጠበንጃው ከላይ ተሰቅሏል፤ ዘንጉ ግን በእኔ እጅ ነው። ወንድሜ እንደ ልማዱ በዕብራይስጥ ጀመረ። ቆመህ ጠብቀኝ የሚለውን ሲተረጉምላቸው ልጆቹ ሳቁ። ከዚያ የጣቶቹ ታሪክ ጋ ደረሰ። አንዱ ልጅ ለምን ፈነዳ ብሎ ጠየቀ።

ወንድሜ ወደ እኔ አላየም። "እንድለካ ታዝዤ ስላልለካሁ ነው" አለ። "ለካህ ወይ ስባል ዋሸሁ። ኃጢአቱን እህቴ ተሸከመች። የምትለካው እሷ ነበረች፤ እኔ ወናፉን እንኳ በደንብ መንፋት አልቻልኩም።"

ሁሉን በዕብራይስጥ ነው የተናገረው። ልጆቹ ዞረው እኔን አዩኝ። ኋላ የተቀመጡት የእኛ ሽማግሌዎች ግን ፊታቸው እንደነበረ ነው፤ ከፈጣን ዕብራይስጥ የሚይዙት ጥቂት ቃል ነው። ብልህ ነው ወንድሜ፤ እንደተናገረም እንዳልተናገረም አደረገው።

አክስታችን ክንዴን ጎተቱኝ። "ምን ይላል ይኼ?"

ልተረጉምላቸው እችል ነበር። የእሱን ቃል ግን ዳግመኛ እኔ አልሸከምም። "እሱን ይጠይቁት" አልኳቸው።

በትራቸውን ወለሉ ላይ መቱ። "አንተ፣ በሰው ቋንቋ ተናገር። ስለ ወንድሜ ጣት ምን አልክ?"

ወንድሜ ቆመ። ዘንጉን ሰጠሁት፤ እጁ የሚይዘው ነገር እንዲኖረው። ጠማማውን ምልክት በአውራ ጣቱ እያሻሸ፣ በአማርኛ፣ ከመጀመሪያው ባጠረ ቃል ደገመው። "አልለካሁም። ለአባ ዋሸሁት። እሷ ምንም አላደረገችም።"

በሽማግሌዎቹ ወገን ሹክሹክታ ተነሣ። አክስታችን ወደ እኔ ዞሩ።

"መርገም ነው ያልኩት እኔ ነበርኩ" አሉ።

"አዎ፣ እርስዎ ነዎት።"

"አንቺም ዘንጉን አልነካሁም አላልሽም።"

"ነክቼ ነበር። ጠዋት፣ ከመሄዴ በፊት።"

"እንግዲህ ጠበንጃው ዘንጉን ማን እንደነካ አያውቅ" አሉ፣ ለራሳቸው እንደሚናገር ሰው። ቀጥለውም "አሁን ምን ላድርግ? እግሬ አይሄድም። ያኔ ቤት ለቤት ዞሬ ነው የተናገርኩት" አሉ።

"ስልክ አለዎት" አልኳቸው።

በጎን አዩኝ። የሳቁ መሰለኝ፤ በእሳቸው ፊት ላይ ለይቶ ማወቅ ያስቸግራል። "አለኝ" አሉ።

ዐውደ ርእዩ ሲያበቃ ቆርቆሮውን ወደ ቤት መለስኩ። ወንድሜ ለትምህርት ቤት ሲጋበዝ እየመጣ ይወስደዋል፣ በማግስቱ ይመልሳል፤ ሲወስድ ሰሙ እንዳይረግፍ በጨርቅ እንዲጠቀልል አዘዋለሁ። ይቅር ብለሽዋል ወይ ትለኛለች አስተባባሪዋ። ይህን የሚጠይቁት ወጣቶች ናቸው። ዘንጉ ከበሬ ኋላ ተደግፎ ይቆማል፤ እሱን ለማንም አላውስም።

ስልክ መደወል የጀመረው በዚያው ሳምንት ነው። ሞረዶቹን ሞራ እየቀባሁ ነበር። የደወለችው እንደ አክስታችን ነሸር የምትኖር፣ በልጅነታችን በመርገም ጎጆ አብራኝ የተቀመጠች ሴት ነበረች፤ ለመወያየት ከደወለችልኝ ዘመናት አልፈዋል። ስልኩ አንድ ጊዜ ጮኸ፣ ሁለት ጊዜ ጮኸ። አልቸኮልኩም። እጄን በጨርቅ ጠረግሁ፣ ለስላሳውን ሞረድ ቦታው መለስኩ፣ ከዚያ አነሣሁት።

"እታለም" አለች። "ከአክስትሽ ሰማሁ።"

"ተናገሪ" አልኳትና ወንበሩን ስቤ ተቀመጥኩ።